ያረጁ የከዋክብት መርከቦች ይጣሉ ወይስ ይታደሱ?

«ካረጁ አይበጁ» ይላል ያገራችን ተረት። ይህ አባባል ለሰው ሲነገር ቅር ያሰኛል፤ ለዕቃ ሲነገር ግን ሁሉም አሜን ብሎ ያልፈዋል። እኛም ሳንመረምር እናልፈው ነበር። ነገር ግን በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቻችን ጋር በመኝታ ክፍል ተሰብስበን ስለ ጠፈር መርከቦች የተሠራ አንድ የቆየ ፊልም ስናይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። የክርክሩም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ አንድ መንግሥት ዕድሜያቸው የገፋና ዓይነታቸው የተለያየ ብዙ የከዋክብት መርከቦች ቢኖሩት ምን ያድርግ? አሮጌዎቹን ጥሎ በአዲስ ይተካ ወይስ እያደሰ ይጠቀምባቸው? ሲያድስስ ሁሉንም በአንድ ልክ ያስተካክል ወይስ እያንዳንዱን እንደ ጠባዩ ይተወው?

የምሕንድስና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን «ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም በአንድ ልክ ይሁን» ብሎ ፈረደ። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንጠራጠር ግን «እናንተ ብሎን ከዳዶ የማትለዩ ሰዎች፣ ስለ መርከብ ምን አገባችሁ?» ተብለን ተሳቀብን። አብረን ስቀን ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም መርከቦቹ የልብ ወለድ ፍጡሮች ቢሆኑም ጥያቄው የልብ ወለድ አይደለም። ነገ ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንቀመጥ አሮጌውን መሣሪያ፣ አሮጌውን ደንብና አሮጌውን ሠራተኛ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ከጠረጴዛችን ላይ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን ካየናቸው ታሪኮችና ከእውነተኛው ዓለም እየጠቀስን ለአንባቢ ለማስረዳት አሰብን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መታደስ የሚጀምረው ከመሠራቱ ነው

ስታር ትሬክ የተባለው ተከታታይ ድራማ በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው። ታሪኩን ያፈለቀው ጂን ሮደንቤሪ ሲሆን፣ ኤንተርፕራይዝ የተባለችውን መርከብ መልክ የነደፈው ማት ጄፈሪስ ነበር። ጄፈሪስ የአውሮፕላን ነገር የሚያውቅ ሰው ስለ ነበር መርከቢቱን ለዓይን እንደምታምር ሥዕል ብቻ አልተመለከታትም። መሣሪያ መቸም መበላሸቱ አይቀርም፤ ሲበላሽም ሠራተኛው ወደ ባዶው ጠፈር ወጥቶ መጠገን የለበትም ብሎ አሰበ። ስለዚህ መሣሪያውን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብቶ የመርከቢቱን ውጫዊ ገላ ልሙጥ አደረገው። ኀይላቸው እጅግ ብርቱ የሆነውን ሁለቱን ሞተሮች ደግሞ ከሰዎቹ መኖሪያ አርቆ በረጃጅም ክንዶች ላይ ሰቀላቸው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። የሚታደስ ዕቃ ማለት ገና ሲሠራ መበላሸቱና መታደሱ የታሰበለት ዕቃ ነው። አይበላሽም ተብሎ የተሠራ ነገር በተበላሸ ጊዜ ከመጣል በቀር ምንም መላ የለውም። ለፊልም ማንሻ የተሠራውና ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል የሆነው የኤንተርፕራይዝ ሞዴል በ1974 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ተሰጥቶ ዛሬ በዋሽንግተን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ይገኛል።

መርከቢቱ ታደሰች፤ ሰውየውስ?

በዲሴምበር 1979 የመጀመሪያው የስታር ትሬክ ፊልም ለሕዝብ ሲቀርብ ያች አሮጌ መርከብ ታድሳ ታየች። በታሪኩ እንደተነገረው ዕድሳቱ ዐሥራ ስምንት ወር ፈጅቷል። ሞተሮቿ ተለውጠዋል፤ የማዘዣው ክፍል፣ መሣሪያዎቿ፣ ውጫዊ ገላዋም ሳይቀር አዲስ ሆኗል። ከጥንቱ የቀረው ስሟና አጠቃላይ ቅርጿ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ፊልሙን በጥሞና የተመለከተ ሰው የሚያየው የዕድሳትን ክብር ብቻ አይደለም፤ የጥድፊያንም ዋጋ ያያል። አንድ ታላቅ አደጋ ወደ ምድር በመቅረቡ መርከቢቱ ሥራዋ ሳይጠናቀቅ እንድትነሣ ታዘዘች። ሰውን በቅጽበት ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውረው መሣሪያ ገና በወጉ አልተፈተነም ነበርና ሁለት ሰዎች በውስጡ ሞቱ። አዲሱም ሞተር ሚዛኑ ስላልተስተካከለ መርከቢቱን ከማትወጣበት ማዕበል ውስጥ ከተታት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ከዚያው ማዕበል ውስጥ የደረሰው ነገር ነው። ካፒቴን ከርክ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል በቢሮ ሲሠራ ቆይቶ መርከቢቱን ከወጣቱ አዛዥ ከዴከር እጅ ወስዷል። አንድ ታላቅ የጠፈር ድንጋይ ከፊታቸው በመጣ ጊዜ ከርክ በድሮው ልማዱ ፌዘር በተባለው የጨረር መሣሪያ እንዲተኰስ አዘዘ። ዴከር ግን ትእዛዙን ሽሮ በቶርፒዶ እንዲተኰስ አደረገ። ከርክ ተቈጥቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው የተሰጠው መልስ አሳፋሪ ነበር፤ በአዲሱ አሠራር ፌዘሩ ኀይሉን የሚያገኘው ከዋናው ሞተር ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲታወክ ፌዘሩም አብሮ ይቋረጣል። የከርክ ትእዛዝ ቢፈጸም ኖሮ ሁሉም ባለቁ ነበር።

እንግዲህ መርከቢቱ ታድሳለች፤ አዛዧ ግን አልታደሰም። በልቡ ይዟት የሚዞረው ያችን የጥንቷን መርከብ ነው። አዲስ መሣሪያ ገዝቶ ሠራተኛውን ሳያስተምር የሚቀር መሥሪያ ቤት ሁሉ የከርክን ስሕተት ይሠራል። የዚህ ስሕተት ክፋቱ ደግሞ በሰላሙ ቀን አለመታየቱ ነው፤ የሚታየው ድንጋዩ ከፊት በመጣ ዕለት ነው።

በአንድ ልክ መሥራት ለምን አስፈለገ?

አሁን ወደ ምሕንድስናው ጓደኛችን ሐሳብ እንመለስ። በአንድ ልክ መሥራት ማለት በአንደኛው መርከብ ላይ ያለው ብሎን፣ ቱቦ፣ በርና ማጣሪያ ለሌላውም እንዲገጥም ማድረግ ነው። ይህ ሐሳብ ትክክለኛ ለመሆኑ ከልብ ወለድ ይልቅ እውነተኛው ታሪክ ይመሰክራል።

በ1904 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ታላቅ እሳት ተነሣ። ከዋሽንግተንና ከፊላደልፊያ የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች መሣሪያቸውን ይዘው ለርዳታ ደረሱ። ነገር ግን የብዙዎቹ የቱቦ መጋጠሚያ በባልቲሞር የውሃ ቧንቧ ላይ አልገጥም አለ። ሰው አልጠፋም፤ ውሃም አልጠፋም፤ የጠፋው አንድ ልክ ብቻ ነበር። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ተቃጠሉ።

በጠፈርም እንዲሁ ሆኗል። በኤፕሪል 1970 አፖሎ 13 ወደ ጨረቃ ስትጓዝ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳባትና ሦስቱ ሰዎች ለሁለት ሰው በተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ ተጠለሉ። ከትንፋሻቸው የሚወጣው የተቃጠለ አየር ሊገድላቸው ሲቃረብ በዋናው ክፍል ውስጥ ትርፍ ማጣሪያዎች ነበሩ። ምን ዋጋ አለው? የዋናው ክፍል ማጣሪያ አራት ማዕዘን ነው፤ የማረፊያዋ ማጣሪያ መግቢያ ደግሞ ክብ ነው። አንድ መንግሥት ለአንድ ጉዞ ያሠራቸው ሁለት ክፍሎች እርስ በርሳቸው አልተግባቡም። ሰዎቹ የዳኑት በምድር ያሉት መሐንዲሶች ከላስቲክ ከረጢት፣ ከካርቶን፣ ከጠፈር ልብስ ቱቦና ከፕላስተር መጋጠሚያ የሚሠራበትን ብልሃት አስበው በሬዲዮ ስለ ነገሯቸው ነው።

በጁላይ 1975 የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየቱ ሶዩዝ በጠፈር ሲገናኙም በመካከላቸው ለዚሁ ብቻ የተሠራ አንድ ክፍል ማስገባት ግድ ሆኖ ነበር፤ የሁለቱ መንኰራኵሮች የአየር ግፊት እንኳ አንድ አልነበረምና። በ2010 የጠፈር ጣቢያውን በጋራ የሚያሠሩት አገሮች አንድ የመጋጠሚያ ልክ አውጥተው ለዓለም ሁሉ ገለጡ። ከዚህ ወዲያ በጠፈር የተቸገረ መንኰራኵር የጐረቤቱን በር ለማንኳኳት ተስፋ አለው ማለት ነው።

በስታር ትሬክም ቢሆን የመርከቦቹን መልክ ያየ ሰው ሁሉም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች መሆናቸውን ይረዳል። በ1982 በሁለተኛው ፊልም የታየችው ሪላየንት፣ በ1984 በሦስተኛው የታየችው ኤክሴልሲየር ከኤንተርፕራይዝ ጋር ሲተያዩ ክቡ ገላቸውና ሁለቱ ሞተሮቻቸው ያመሳስሏቸዋል። በ1987 በተጀመረው አዲስ ተከታታይ ድራማ ታሪኩ ብዙ ዐሥር ዓመታት ወደ ፊት ቢሄድም፣ እነዚያው የሪላየንትና የኤክሴልሲየር ዓይነት መርከቦች አሁንም በአገልግሎት ላይ ይታያሉ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ምክንያቱ የፊልም ሠሪዎቹ ቁጠባ ነው። ሞዴል መሥራት ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ የተሠራውን ደጋግመው አነሡት። ሆኖም ከቁጠባቸው አንድ እውነት ተወልዷል፤ በዚያ ዓለም ውስጥ ያለው መንግሥትም እንደ እነርሱ አሮጌውን እያደሰ ከአዲሱ ጋር የሚያሰልፍ አስተዋይ መንግሥት መስሎ ይታያል።

ድር ሲያብር የሚታሰረው ማን ነው?

እስከዚህ ድረስ የጓደኛችንን ሐሳብ ደግፈናል። ልዩነታችን የሚጀምረው ከዚህ በታች ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን የድሩን ጫፍ ሌላ እጅ ከያዘው የሚታሰረው አንበሳ እኛው ነን።

በ1982ቱ ፊልም ካን የተባለው ጠላት ሪላየንትን ማርኮ ኤንተርፕራይዝን ክፉኛ አቈሰላት። ከርክና ስፖክ ያመለጡት በጦር ኀይል አይደለም። እያንዳንዷ መርከብ አምስት አኀዝ ያለው የምሥጢር ቍጥር አላት፤ ያንን ቍጥር የሚያውቅ ሌላ መርከብ ከሩቅ ሆኖ ጋሻዋን እንድታወርድ ሊያዛት ይችላል። ከርክ የሪላየንትን ቍጥር ከመዝገብ አውጥቶ ጋሻዋን አስወረደና መታት። ተመልካቹ በደስታ ያጨበጭባል። እኛ ግን የጠየቅነው ይህን ነው፤ ያ መዝገብ በካን እጅ ቢገኝ ኖሮስ?

ለዚህ ጥያቄ ሌላ ድርሰት መልስ ሰጥቶበታል። በዲሴምበር 2003 አዲስ ሆኖ የቀረበው ባትልስታር ጋላክቲካ የተባለው ድራማ ስለ አንዲት ኀምሳ ዓመት ያህል ያገለገለች የጦር መርከብ ይተርካል። አዛዧ አዳማ ይባላል፤ ስሙ ከእኛዋ ከተማ ጋር ቢገጥምም ዝምድና የለውም። ጋላክቲካ ሙዚየም ልትሆን ቀኗ ተቈርጧል። ኮምፒዩተሮቿ እርስ በርሳቸው አይገናኙም፤ አዛዧም ይገናኙ ሲባል አሻፈረኝ ይላል። የቀሩት መርከቦች ግን ሁሉ ታድሰው በአንድ የጉዞ መምሪያ ፕሮግራም ይመራሉ። ሳይለን የተባሉት ጠላቶች በዚያ ፕሮግራም ውስጥ የምሥጢር በር ትተው ኖሯል። የጦርነቱ ዕለት መርከቦቹ አንድ ጥይት ሳይተኵሱ መብራታቸው ጠፍቶ እንደ ቆሙ አለቁ። ከጋላክቲካ የተነሡት አዲሶቹ ተዋጊ አውሮፕላኖችም እንዲሁ ሆኑ። የተዋጉት ለሙዚየም ጌጥ ተብለው የተቀመጡት አሮጌዎቹ ነበሩ።

ስታር ትሬክም ቢሆን በኤፕሪል 2023 ወደዚሁ ሐሳብ ተመልሷል። መርከቦቹ ሁሉ እንደ አንድ አካል እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርግ ሥርዓት ተዘረጋ፤ በታላቅ በዓልም ላይ ተመረቀ። ወዲያውም ቦርግ የተባለው ጠላት ያንን አንድ ገመድ ይዞ መርከቦቹን በሙሉ ጐተታቸው። ነጻ ሆና የቀረችው ጆርዲ ላ ፎርጅ የተባለው መሐንዲስ በሙዚየም ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ በትዕግሥት ሲጠግናት የኖረችው አሮጌዋ ኤንተርፕራይዝ ነበረች። ከማንም ጋር ስላልተገናኘች ማንም ሊያዛት አልቻለም።

አንባቢ «ይህ የደራሲዎች ፍርሃት ነው» ይለን ይሆናል። በጁላይ 19 ቀን 2024 የሆነውን ግን ደራሲ አልጻፈውም። አንድ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን አቆመ። በብዙ አገር አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራም ታወከ። በዚያ ቀን ጠላት አልነበረም፤ አንድ ስሕተትና አንድ ዓይነትነት ብቻ በቂ ሆነው ተገኙ።

ሰውን ከመርከብ ማውጣት

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ፈተና አለ። መርከብ በታደሰ ቍጥር «ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በማርች 1968 በታየው አንድ ክፍል ኤንተርፕራይዝ ኤም አምስት የተባለ ኮምፒዩተር ተገጠመላት፤ ከአራት መቶ በላይ ከሆኑት ሠራተኞቿም ሃያ ሰው ብቻ ቀረ። ኮምፒዩተሩ በልምምድ ላይ መሆኑን ሳይለይ በወገን መርከቦች ላይ ከምር ተኰሰና በአንደኛዋ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ ፈጀ። በመጨረሻ ኤንተርፕራይዝ ጋሻዋን አውርዳ በቆመች ጊዜ የወገን መርከቦች እንዲያጠፏት ፈቃድ ተሰጥቷቸው ነበር። ያልተኰሱት አዛዣቸው ባየው ነገር ተጠራጥሮ እጁን ስለ ሰበሰበ ነው። ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ አይጠራጠርም ነበር።

በ1984ቱ ፊልም ደግሞ ስኮት የተባለው መሐንዲስ ኤንተርፕራይዝን በጣት በሚቈጠሩ ሰዎች እንድትሄድ አድርጎ ገጣጠማት። ሄደችም። ነገር ግን ጠላት አንድ ጊዜ በመታት ጊዜ ያ ራሱን በራሱ የሚያሠራው መሣሪያ ተቃጠለና መንቀሳቀስ አቃታት። በሰላም ጊዜ ትርፍ የሚመስለው ሠራተኛ በጭንቅ ጊዜ መለዋወጫ ነው። በዚያው ፊልም ኤክሴልሲየር፣ የዘመኑ መርከቦች ሁሉ መመኪያ፣ ስኮት በኪሱ ከትቶ በወጣቸው ጥቂት ዕቃዎች ምክንያት ገና ስትነሣ ቆማ ቀርታለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ከላይ ከዘረዘርነው ሁሉ ሦስት ነገር ለይተን እናወጣለን።

በመጀመሪያ፣ አንድ ልክ መሆን የሚገባው እጅ የሚነካው ነገር ነው። ብሎኑ፣ ቱቦው፣ ማጣሪያው፣ በሩ፣ መጋጠሚያው በሁሉም መርከብ ላይ አንድ ይሁን። ባልቲሞርና አፖሎ 13 ያስተማሩት ይህን ነው። የማዘዙ ሥልጣን ግን በየመርከቡ ውስጥ ይቀመጥ። መርከቦች ይነጋገሩ፤ አንዱ የሌላውን ጋሻ ማውረድ ግን አይቻለው። እያንዳንዱም አዛዥ ገመዱን በገዛ እጁ የሚቈርጥበት ቦታ ይኑረው።

ሁለተኛ፣ መርከብ ሲታደስ ሠራተኛው አብሮ ይታደስ። ለሞተሩ ዐሥራ ስምንት ወር ከተሰጠ ለሰውየውም ጊዜ ይሰጠው። አሮጌውን መርከብ የሚያውቀው ከርክና አዲሱን የሚያውቀው ዴከር ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ አስተማሪና ተማሪ ቢሆኑ ኖሮ፣ ያ ድንጋይ በመጣ ጊዜ ሁለት ትእዛዝ ባልተሰማ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከአሮጌዎቹ ጥቂቶቹ ሳይነኩ ይቀመጡ። ስንል ለጌጥ ማለታችን አይደለም። ነዳጅ ተሞልተው፣ የሚያውቃቸው ሰው ተመድቦላቸው፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እየተነሡ ይቀመጡ። ጋላክቲካን ያዳናት እርጅናዋ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ሆና ሳለች የሚያሠራት ሰው ነበራት። ማንም የማያስነሣው አሮጌ መርከብ ቅርስ ቢሆን እንጂ መጠባበቂያ አይሆንም።

ይህን ጽሑፍ ከማተማችን በፊት ለዚያ ለምሕንድስናው ጓደኛችን አነበብንለት። በመጀመሪያው ነጥብ ተስማማ፤ በሁለተኛው ዝም አለ፤ በሦስተኛው ላይ ግን «ለማይሠራ መርከብ ነዳጅ ማን ይከፍላል?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሮጌውን ጠብቆ ማቆየት በየዓመቱ ወጪ አለው፤ ያ ወጪ ማስፈለጉ የሚታወቀው ደግሞ ሌላው ሁሉ በጠፋበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ሳይመጣ ሊቀርም ይችላል። ነገ በጀት የሚመድበው ከእኛ አንዱ ነውና፣ «ካረጁ አይበጁ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ያችን ቀን አስቦ እንዲፈርም አደራ እንላለን።